የለንደንን ጡብ ማን አቃጠለው? የቤድፎርድ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፦ ከለንደን ወደ ቤድፎርድ

ሥራዬ የቆዩ ቤቶችን ማደስ ነው። ለንደን ውስጥ ልስን ስናረግፍ ከሥሩ ደጋግሞ የሚወጣ አንድ ጡብ አለ። መልኩ ሮዝማ ነው። ፈዘዝ ያሉ ሰንበሮች አሉት። አንድ ገጹ ጎድጎድ ብሎ የፋብሪካው ምልክት ታትሞበታል። ፍሌተን ይሉታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከተሠሩት ቤቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩት ይህ ጡብ አለባቸው። ሰንበሩ ደግሞ እቶን ውስጥ ጡቦቹ ተነባብረው ሲቃጠሉ የተነካኩበት ቦታ ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ ያነባበራቸው ሰው ነበረ ማለት ነው። እኔም የተነሳሁት ያንን ሰው ለማግኘት ነው።

ከሴንት ፓንክራስ እስከ ቤድፎርድ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጣቢያው ወርጄ ሚድላንድ ሮድን ይዤ ወደ መሃል ከተማ ሄድኩ። እንግሊዝ ውስጥ እንደማንኛውም መካከለኛ ከተማ ነው። ግን ጆሮ ላይ ቶሎ የሚገባ ነገር አለ፤ ካፌ ደጃፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የሚያወሩት ጣሊያንኛ ነው። ያውም የደቡቡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ከተሞች በቦምብ ፈራርሰው ነበር። ቤት መሠራት አለበት፣ ለቤቱም ጡብ ያስፈልጋል። እቶን ውስጥ ገብቶ ለመሥራት የሚፈልግ የአገሬው ሰው ግን ጠፋ። መጀመሪያ ከጦርነቱ የተፈናቀሉ ፖላንዶች፣ ዩክሬኖችና ላትቪያዎች መጡ። አልበቁም። በ1951 ለንደን ብሪክ ካምፓኒ የተባለው የጡብ ኩባንያ ኔፕልስ ላይ በተከፈተ ቢሮ ሠራተኛ መመልመል ጀመረ። እስከ 1960 ድረስ ከ7500 በላይ ጣሊያናውያን ወንዶች በዚህ መንገድ መጥተዋል። ሞንተፋልቾኔ፣ ቡሶ፣ ቡዎናልቤርጎ፣ ሳንታንጄሎ ሙሻሮ ከሚባሉ ትናንሽ መንደሮች ነው የተነሱት። አንዱ ወንድሙን ጠራ፣ ወንድሙ ደግሞ አማቹን። መንደሩ ተነቅሎ ቤድፎርድ የገባ እስኪመስል ድረስ። ከ1954 ጀምሮም የጣሊያን ምክትል ቆንስላ እዚህ ተከፍቶ እስከ 2008 ቆይቷል። ከጣሊያኖቹ በኋላ የፑንጃብ፣ የፓኪስታንና የካሪቢያን ሰዎች መጡ። ወደ እቶኑ የሚገባው ሁልጊዜ የመጨረሻው መጤ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናቸው የተሠራው በ1965 ነው። በቅድስት ፍራንቼስካ ካብሪኒ ስም ነው የቆመው። እሷ በካቶሊኮች ዘንድ የስደተኞች ጠባቂ ናት። ማታ ላይ ስሄድ የጸሎት ሰዓት አልቆ ሰው እየወጣ ነበር። አንዲት ሴትዮ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስለ ጡብ ሠራተኞች ለማወቅ እንደመጣሁ ነገርኳት። «እንግዲያውስ አባቴን ማግኘት አለብህ» አለችኝና ለቅዳሜ ቀጠረችኝ። እንግሊዝ አገር ከማላውቀው ሰው እንዲህ በቀላሉ ቤት ስጠራ አይገጥመኝም። በጣም ደስ አለኝ።

ዓርብ፦ ስቱዋርትቢ

ከቤድፎርድ ወደ ብሌችሊ የምትሄድ ትንሽ ባቡር አለች። በየመንደሩ ትቆማለች። ኬምፕስተን ሃርድዊክ ስትደርሱ በግራ በቀኝ ገላጣ ሜዳ ነው። ይህም የጡብ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ነው። አሁን ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ሊሠራበት ነው። በ2025 ተነግሯል፤ በ2031 ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል። ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ስቱዋርትቢ ነው።

ስቱዋርትቢ የጡብ ኩባንያው ለሠራተኞቹ ያቋቋመው መንደር ነው። ግንባታው በ1926 ተጀመረ። ስሙን ያገኘው ኩባንያውን ከመራው የስቱዋርት ቤተሰብ ነው። ቤቶቹ በሙሉ ጡብ ናቸው፤ ዛፍ አላቸው፣ ሜዳ አላቸው። ለጡረተኛ ሠራተኞች ተብለው የተሠሩት ትናንሽ ቤቶች አረንጓዴ ሜዳ ከበው ቆመዋል። ማልኮም ስቱዋርት በዘመኑ ከነበሩት አሠሪዎች ቀድሞ ለሠራተኞቹ የትርፍ ድርሻና ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት የሰጠ ሰው ነው። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ግን መንደሩ ውስጥ ቤት ያገኘውና እቶን ውስጥ የሚቃጠለው ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበረም። ከኔፕልስ የመጡት መጀመሪያ የተሰጣቸው በጦርነቱ ጊዜ ምርኮኞች የታሰሩባቸውን የመሳሰሉ ካምፖች ነው።

ለምን እዚህ? በአፈሩ ምክንያት ነው። ከሥር ያለው ኦክስፎርድ ክሌይ የሚባል ሸክላ አፈር ነው። በዳይኖሰር ዘመን ባሕር ሥር የተጠራቀመ ነው፤ የሞቱ የባሕር እንስሳትና ዕፅዋት በብዛት ስላሉበት ራሱ ይነድዳል። እቶን ውስጥ ገብቶ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ከውስጡ ባለው ነገር ይቃጠላል፤ የሚጨመረው የድንጋይ ከሰል ትንሽ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። እርጥበቱ ልክ ስለሆነ ይፈጭና በማሽን ይጨመቃል፣ ከዚያ ሳይደርቅ በቀጥታ እቶን ይገባል። ሌላ ቦታ ጡብ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል። እዚህ ቀኑም ነዳጁም ይተርፋል። የፍሌተን ጡብ እንግሊዝን ያጥለቀለቀው በርካሽነቱ ነው።

እቶኑ ሆፍማን ይባላል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሆፍማን በ1858 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ክብ ሆነው የተያያዙ ክፍሎች አሉት። እሳቱ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። ከፊቱ ያለው ክፍል በሙቀቱ ይሞቃል፣ ከኋላው ያለው ይቀዘቅዛል። በአንዱ ጥሬ ጡብ ይደረደራል፣ በሌላው የበሰለ ይወጣል። እሳቱ አይጠፋም። ለዓመታት፣ ለአሥርተ ዓመታት ይዞራል። ሰዎቹም ከእሳቱ እግር ሥር እየተከተሉ ይሠራሉ። የጠቀመው ለጡቡ ነው፤ ለሰው የሚተርፍ ዕረፍት ግን አልነበረውም።

በ1930ዎቹ ስቱዋርትቢ በዓለም ትልቁ የጡብ ፋብሪካ ነበር። ከሁለት ሺህ በላይ ሠራተኛ፣ በዓመት ግማሽ ቢሊዮን ጡብ። በማርስተን ሸለቆ የቆመው ጭስ ማውጫ ከመቶ ይበልጥ ነበር። ዛሬ አንድም የለም። የመጨረሻው ጡብ እዚህ የተቃጠለው በ2008 ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ድኝ በጭስ ማውጫዎቹ እየወጣ ሸለቆው ሁሉ ይሸት ነበር። አዲሱን የአየር ብክለት ገደብ ማሟላት አልተቻለም። ከዚያም በፊት ከጭሱ የሚወጣው ፍሎራይድ የገበሬዎቹን ከብቶች ጥርስና አጥንት ይጎዳ እንደነበር ተጠንቶ ነበር። ሰባ ሜትር ገደማ የሚረዝሙት የመጨረሻዎቹ አራት ጭስ ማውጫዎች በሴፕቴምበር 2021 በፈንጂ ፈረሱ። አንዱ ላይ የመንደሩ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎበት ነበር።

አፈሩ የተቆፈረበት ጉድጓድ አሁን ሐይቅ ነው። ሰዎች በጀልባ ይንሸራሸሩበታል። ሌሎቹን ጉድጓዶች ለብዙ ዓመት የሞላቸው ቆሻሻ ነው፤ የለንደን ቆሻሻ ጭምር በባቡር ተጭኖ እየመጣ። ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ቤቷን የሠራላትን ሸለቆ ለንደን እንዲህ ነው የከፈለችው። ደግነቱ ከ1991 ጀምሮ ደን የማልማት ሥራ ተጀምሮ አሁን ብዙ ዛፍ አለ። ወደ ማርስተን ሞርቴን በእግሬ እየሄድኩ ወፍ ስሰማ ነበር።

ቅዳሜ፦ የሽማግሌው ቤት

ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። ዕድሜያቸው ሰማንያ ስምንት ነው። ትውልዳቸው ሞንተፋልቾኔ፣ ከኔፕልስ በስተምሥራቅ ያለ ተራራማ አገር ነው። እጃቸውን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ያየሁት ጣቶቻቸውን ነው። ጫፋቸው ልስልስ ብሏል፤ አሻራ የሚባለው ነገር ጠፍቷል። ልጃቸው ቡና አቀረበች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት አልተነሳንም።

ልጅነታቸውን የጀመሩልኝ ከጫማ ነው። ጫማ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር፤ ወንድማማቾች በተራ ነው የሚያደርጉት። መሬቱ የባለርስት ነው፣ ከምርቱ እኩሌታው ይሄዳል። ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ አበቃ። በ1943 የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ሳሌርኖ ላይ ሲወርድ በአቅራቢያቸው ያለው ትልቁ ከተማ አቬሊኖ በቦምብ ነደደ። እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ልጆቿን ይዛ ጫካ ገባች። ቼስትነት የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ለቅመው በሉ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው መንደሩ ዳር ባለች ትንሽ የጣሪያ ሸክላ መሥሪያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ጭቃ መርገጥ ነበር። በባዶ እግር፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጠጠሩን በእግራቸው እየፈለጉ ማውጣት።

«አባትዎስ?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አንድ ፎቶ እንድታመጣ ላኳት። ትንሽ፣ ጠርዙ የተበላ ፎቶ። አንድ ቀጭን ሰውዬ አካፋ ይዞ ዋሻ አፍ ላይ ቆሟል። ከጀርባው በእርሳስ «ተርማበር» ተብሎ ተጽፏል።

ጣርማ በር! ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ያለው ዋሻ ነው። የእናቴ ዘመዶች ይፋት ናቸው፤ በልጅነቴ ክረምት በመጣ ቁጥር በአውቶቡስ አልፌበታለሁ። በዚያ ጭጋግ ውስጥ የቆመው ሰውዬ የእኚህ ሽማግሌ አባት መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ።

አባታቸው በ1937 መገባደጃ ወደ እኛ አገር ሲሄድ እሳቸው ገና ጡት የሚጠቡ ሕፃን ነበሩ። ፋሺስቶቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ድሆችን መንገድ እንዲሠሩ አጓጉዘዋል። እንግሊዝና አርበኞቻችን ጣሊያንን ሲያሸንፉ አባታቸው ተማረከ። ወደ ኬንያ ተወስዶ እዚያው ቆየ። አገሩ የገባው በ1946 ነው። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በር ላይ አንድ ሰው መጣ። እናቴ አባትህ ነው አለችኝ። ሸሽቼ ከበጎቹ ጋር አደርኩ።»

እኔም የራሴን ነገርኳቸው። የአያቴ ወንድም ይፋት ላይ ከአርበኞች ጋር እንደነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ከጥቁር ሸሚዞቹ ጎን የጣሊያን ሠራተኞችም አካፋና ዱላ ይዘው እንደነበሩበት። ይህን መናገር ከበደኝ፤ ግን ሳልናገር ብወጣ ቡናቸውን በሐሰት የጠጣሁ ይመስለኝ ነበር። አባታቸው የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሆንም መንገዱ የወራሪ መንገድ ነው። ሽማግሌው አልተከራከሩኝም። «አባቴ ስለ አገርህ አንድ ቀን አላወራንም። ዳቦ ፍለጋ ሄድኩ ይል ነበር። ዳቦው የማን እንደሆነ አልጠየቀም። እኔም ልጅ ሆኜ አልጠየቅሁትም» አሉኝ። ድህነት ወረራን ንጹሕ አያደርግም። ይህን እሳቸውም ያውቁታል፤ እኔም በዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልፈልግም። ጭቃ ሲረግጥ ላደገው ልጅ ግን ምንም ቂም የለኝም።

በ1956 በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ኔፕልስ ሄደው ተመዘገቡ። ሐኪም ጥርሳቸውን፣ ደረታቸውን፣ እጃቸውን አየ። የአራት ዓመት ኮንትራት ፈረሙ። በባቡር ጣሊያንንና ፈረንሳይን አቋርጠው፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ቤድፎርድ ደረሱ። የተሰጣቸው አልጋ የቀድሞ የምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ነው። «አባቴ የእንግሊዝ ምርኮኛ ነበር። እኔ ፈርሜ በገዛ እግሬ ገባሁ» አሉ። በእነዚያ አራት ዓመታት ሌላ ሥራ መቀየር አይፈቀድም። የሥራ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ከፋላ የሚባለውን የዐረብ አገር አሠራር የምታውቁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ጂዳ የነበረችው እህቴ ስትነግረኝ የኖረችውን ነው ከኚህ ጣሊያናዊ አፍ የሰማሁት።

የተመደቡት የበሰለ ጡብ ከእቶን በማውጣት ላይ ነበር። ክፍሉ ገና ሳይቀዘቅዝ ይገባሉ። አየሩ ያቃጥላል፣ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። ጡቡ አንዱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፣ ዳሩ ስለታም ነው። እጃቸው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ መከላከያ ያስሩ ነበር፤ እሱም ተበልቶ ተበልቶ ያልቃል። ክፍያው በቁጥር ነው። ብዙ ያወጣ ብዙ ያገኛል፤ ስለዚህ ማንም ውኃ ለመጠጣት እንኳ አይቆምም። ክረምት ላይ ከእቶኑ ወጥተው በረዶ ውስጥ ሲቆሙ ሸሚዛቸው ይጨስ ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሠሩ ጠየቅኳቸው። «ሃያ አምስት» አሉኝ፤ ቶሎ ብለው፣ ሳያስቡ።

ኮንትራታቸው ሲያልቅ ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ሄዱ። አንዳንዱ አይስክሬም መሸጥ ጀመረ፣ አንዳንዱ ሌላ ፋብሪካ ገባ። እሳቸው ቆዩ። አራት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቤት ገዙ፤ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ። ኋላ የራሳቸውን ቻሉ። ሚስታቸውን ከመንደራቸው አመጡ። ቤታቸው ጡብ ነው፣ እሳቸው ከሚያወጡት ዓይነት። ጓሮው ውስጥ ቲማቲምና ወይን ተከሉ። በየወሩ ለእናታቸው ይልኩ ነበር፤ ሲቆጥቡ የኖሩት ግን ለአንድ ነገር ነው። ሞንተፋልቾኔ ተመልሰው ቤት ሊሠሩ።

በኖቬምበር 23 ቀን 1980 ማታ የእሳቸው አገር በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። የወላጆቻቸው ቤት ግድግዳው ተሰነጠቀ። ቤድፎርድ ያለው ጣሊያናዊ ሁሉ ብርድ ልብስና ገንዘብ ሰበሰበ። እሳቸውም ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ላኩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ 1981፣ ያን ጊዜ ይሠሩበት የነበረው የሪጅሞንት ፋብሪካ ተዘጋ። የእንግሊዝ ኢኮኖሚ ወድቆ ነበር፤ ቤት የሚሠራ ጠፋ፣ ጡቡ ተቆልሎ ቀረ። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ግድግዳም ኮንክሪት ብሎኬት ቦታውን ወስዷል። ዕድሜያቸው አርባ አራት ነበር። ከጡብ ሌላ የሚያውቁት ሥራ የለም። እንግሊዝኛቸው የእቶን እንግሊዝኛ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ሌሊት ሌሊት ዳቦ ቤት ሠሩ።

«ተመልሰው እቶን ፊት ቆሙ ማለት ነው» አልኳቸው።

«እሱ ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። ልጃቸው ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር።

ጭስ ማውጫዎቹ ሲፈርሱ ለማየት ሄደው እንደነበር ጠየቅኳቸው። አልሄዱም። ልጃቸው በስልኳ አሳየቻቸው። አብረዋቸው ሲሠሩ ሳንባቸው ታሞ የሞቱትን አስታወሱ። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ ከእነ መንደራቸው። ለፋብሪካው አላለቀሱም። ጓደኞቻቸውን ሲጠሩ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም በሙዚየምና በቅርስ መዝገብ ላይ የጎደለ የሚመስለኝ ይህ ነው። የእቶኑ ቁመት ተመዝግቧል፣ የጡቡ ቁጥር ተመዝግቧል። ከእሳቱ ያወጡት ሰዎች ስም ግን ያለው በእሳቸው ቃል ብቻ ነው። ልጃቸው እየቀዳች እንድታስቀምጥ ለመንኳት። ጀምራለች አለችኝ።

እሑድ፦ ዊትልሲ

የማርስተን ሸለቆ ባቡር እሑድ አይሠራም። አንድ ወዳጄ በመኪናው ወደ ፒተርቦሮ ወሰደኝ። ፍሌተን የጡቡ ስም የወጣባት መንደር ናት፤ አሁን ፒተርቦሮ ውጧታል። ያ ራሱ የሚነድደው አፈር ለጡብ እንደሚሆን የታወቀው እዚህ ነው፣ በ1881።

ከከተማው በስተምሥራቅ ዊትልሲ አለች። ኪንግስ ዳይክ የሚባለው ፋብሪካ የፍሌተን ጡብ የሚሠራበት የመጨረሻው ቦታ ነው። ዛሬ ጡቡ የሚፈለገው በአብዛኛው ለአሮጌ ቤቶች ማስፋፊያ ነው፤ እኔ የምገዛው ከዚህ የወጣውን ነው። በአጥሩ ዙሪያ ተራመድኩ። ጡቦቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። በእነዚሁ የሸክላ ጉድጓዶች በአንዱ፣ መስት ፋርም በሚባለው፣ ወደ ሦስት ሺህ ዓመት የሚጠጋው መንደር ተገኝቷል። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ውኃ ላይ የቆሙ ነበሩ፤ ተቃጥለው ጭቃው ውስጥ ገብተው ስለቀሩ ልብስና ምግብ ሳይቀር ተርፏል። በ2015 እና በ2016 ተቆፍሮ ወጣ።

ማታ ለንደን ገባሁ። ሽማግሌው ስንለያይ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ ዛሬ እንዳለ ማየት ይፈልጋሉ። አባታቸው የቆመበትን ቦታ፣ ከተቻለ ከዚያው አቅጣጫ። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ደብረ ብርሃን ላለው የአጎቴ ልጅ ላክሁለት። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን እንደሚወጣ ነግሮኛል። ለሽማግሌው ልጅ ደውዬ ነገርኳት፤ እሳቸውም ከጀርባ ሆነው «ጭጋግ ከሌለ ጥሩ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው።